ፋርማሲስቱ ስለ ክብደት ለምን ዝም ይላል?



በአርሲ ምድር ስለ ውፍረት መናገር ለአንዳንዶች እንግዳ ሊሆን ይችላል። አርሲ የሯጮች አገር ናት። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ ተነሥተው ዓለምን አስደምመዋል። ድርቅና የምግብ እጥረት ገና ባልለቀቃት አገር ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት ነው የሚልም አይጠፋም። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶች መካከል ከልክ በላይ የከሱት እ.ኤ.አ. በ2000 30 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 22 በመቶ ወረዱ። በዚያው ዘመን ክብደታቸው ከልክ ያለፈው ከ3 ወደ 8 በመቶ ወጡ፤ ከተሜዋም ከገጠሯ በብዙ ትበልጣለች። ሁለቱ ችግሮች በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ይኖራሉ፤ ልጁ ቀጭጮ እናቱ ወፍራ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ የምናገረውም ከቆምኩበት ቦታ ያየሁትን ነው። ክብደቱ ያሳሰበው ሰው በእኛ አገር ቀድሞ የሚጠይቀው ማንን ነው? ጎረቤቱን፣ ስልኩን፣ ከዚያ መድኃኒት ቤቱን። ካርድ አውጥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ሐኪም ፊት ቀርቦ «ወፍሬአለሁ» የሚል እምብዛም የለም። ሐኪም ዘንድ የሚኬደው ውፍረቱ ስኳር፣ ግፊት ወይም የጉልበት ሕመም ሆኖ ከወጣ በኋላ ነው። መድኃኒት ቤት ግን ካርድ አይጠይቅም፣ ቀጠሮ የለውም፣ ሌላው ሲዘጋም ክፍት ነው። መስኮቱ ላይ የሚያስተናግደውም ብዙ ጊዜ የሠፈር ሰው የሚያውቀው ልጅ ነው። ይህን ያህል የቀረበ ባለሙያ ስለ ክብደት አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ዓመቱን ሙሉ መድኃኒት የሚያድለው ለምንድን ነው? ስንፍና ነው ብዬ አላምንም። ፋርማሲዎቻችን የተሠሩበትና የሚተዳደሩበት መንገድ ነው ዝም ያሰኘን። ቤቱ የሚኖረው ከሚሸጠው እሽግ ነው፤ ለምክር የሚከፍለው የለም።

እስቲ መስኮቱ ጋ እንቁም። የምነግራችሁ እናት የአንድ ሰው ታሪክ አይደሉም፤ በየመድኃኒት ቤቱ በየቀኑ የምናያቸው እናቶች ናቸው። ዕድሜያቸው አምሳን አልፏል። በየወሩ የስኳርና የግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ። መስኮቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብለው ማዘዣቸውን በፍርግርጉ ሥር ያሾልካሉ። ከኋላቸው ሰው ተደርድሯል፤ አንዷ ትኩሳት ያለው ሕፃን ታቅፋለች፣ አንዱ ባጃጁን ሞተሩን ሳያጠፋ አቁሞ ነው የመጣው። ማዘዣው ላይ ግሊቤንክላማይድ፣ ኢናላፕሪል፣ ለጉልበታቸው ደግሞ ዳይክሎፌናክ ተጽፏል። እናቲቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ሰውነቴ ከበደኝ እኮ፤ ዳገት መውጣት አቃተኝ። የሚያቀል ነገር የላችሁም?» ይላሉ። ፋርማሲስቱ እሽጉ ላይ «ጠዋት 1፣ ማታ 1» ብሎ ይጽፋል፣ «እግዜር ይማርዎት» ይላል፣ ቀጣዩን ይጠራል።

ያቺን ማዘዣ ረጋ ብለን እናንብባት። ግሊቤንክላማይድ ቆሽት ኢንሱሊን አብዝቶ እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ ስኳሩን ያወርዳል፣ ክብደት ግን የመጨመር ጠባይ አለው። ሜትፎርሚን ይህ ጠባይ የለውም። ዳይክሎፌናክ የጉልበቱን ሕመም ያስታግሳል፤ ግን ጨውና ውኃ በሰውነት እንዲቀር ስለሚያደርግ ግፊት ይጨምራል፣ የኢናላፕሪልን ሥራ ያዳክማል፣ ከእሱ ጋር ሲሆን ኩላሊት ላይ ያለው አደጋም ይከብዳል። ጉልበቱን ያባሰው ደግሞ ክብደቱ ነው። ከሦስቱም መድኃኒቶች ጀርባ ክብደት ቆሟል፤ ማዘዣው ላይ ግን ስለ ክብደት የተጻፈ ነገር የለም። ለእናቲቱ ጥያቄ መልስ ሊሰጥ ይችል የነበረው፣ መድኃኒቶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ በእጁ የያዘው ፋርማሲስት ነበር።

የፋርማሲስቱ ድርሻ በማንም የማይተካው እዚህ ላይ ነው። የሚያወፍሩ መድኃኒቶችን እናውቃለን። ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ያወፍራል። አሚትሪፕቲሊንና ኦላንዛፒን ያወፍራሉ። ኢንሱሊን ክብደት ይጨምራል። በአገራችን ብዙ ሴቶች የሚጠቀሙበት ባለሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌም አንዳንዶቹን ያወፍራል። ይህን ያላወቀች ሴት ምን ታደርጋለች? ለማንም ሳትናገር መርፌውን ትተዋለች፤ ቀጥላ ወደ እኛ የምትመጣው ያላሰበችውን እርግዝና ይዛ ሊሆን ይችላል። ዕድል ብናገኝና ብንጠይቃት ኖሮ ሌላ ዘዴ እንዳለ እንነግራትና ወደ ጤና ጣቢያ እንልካት ነበር።

ጎረቤት ወይም ቲክቶክ የሚሰጠው ምክር የሚያሰጋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው «እራት ተው፣ ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውኃ ብቻ ጠጣ» የሚለውን ሰምቶ ምግቡን በድንገት ቢቆርጥ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ይህ በጾምና በረመዳን ወራት የምናውቀው አደጋ ነው። ምግብ ሲቀነስ መድኃኒቱም በሐኪም መታየት አለበት። ይህን ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ሰው መድኃኒቱ በሚታደልበት መስኮት ላይ ካልተገኘ የትም አይገኝም።

እንግዲህ ምን ያግደናል? መስኮቱን አይታችኋል። ሰው በተደረደረበት፣ ሁሉም በሚሰማበት ቦታ ስለ ሰውነቷ የምታወራ ሴት የለችም። የግል ፋርማሲዎቻችንም ጠባብ ናቸው፤ ኪራዩ በካሬ ሜትር ነውና ለወንበር የሚተርፍ ቦታ የለም።

ከመስኮቱ የሚከብደው ግን ልማዳችን ነው። «ወፈርክ እኮ፣ ተመችቶሃል» ማለት በእኛ ዘንድ ሙገሳ ነው። «ምነው ከሳህ?» ማለት ሐዘኔታ ነው። ረሃብን ያየ ሕዝብ ሙላትን ይወዳል፤ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። በላዩ ላይ ደግሞ ኤች.አይ.ቪ. መጣ። በ1990ዎቹ የከሳ ሰው በጥርጣሬ ይታይ ነበር፤ ከስቶ በሠፈር መታየት ለሐሜት መጋለጥ ነበር። ያ ፍርሃት ዛሬም አልጠፋም። በራሱ ፈቃድ ስኳር ቀንሶ፣ በእግሩ ተመላልሶ ስድስት ኪሎ የቀነሰ ሰው «ታመህ ነው ወይ?» ሲባል ይደነግጣል፤ ሚስቱ ወይም እናቱ ሥጋት ይዟቸው መልሰው ያበሉታል። በሌላ በኩል ዛሬ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ከሚወስዱት ብዙዎቹ ዶሉቴግራቪር ያለበትን ኪኒን ነው የሚወስዱት፤ ይህ መድኃኒት ሕይወታቸውን ጠብቋል፣ ክብደት የመጨመር ጠባይ እንዳለውም በዓለም ዙሪያ ታይቷል። አንድ ጊዜ መክሳትን የፈሩ ሰዎች ዛሬ ግፊትና ስኳር ይጠብቃቸዋል፤ እነርሱንም በየጊዜው የምናገኛቸው እኛው ነን።

ለወጣት ባለሙያ ደግሞ ሌላ እግድ አለ። ሃያ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ እናቱን ለሚያህሉ ሴት «ወፍረዋል» ቢል ድፍረት ነው። ይህን የሚፈራ ባልደረባዬ ትክክል ነው። መውጫው ግን ዝምታ አይደለም፤ እርሳቸው ካነሡት መጀመር ነው። «እናቴ፣ ጉልበትዎን እንደሚያምዎት ነግረውኛል፤ ፈቃድዎ ከሆነ ክብደትዎንና ግፊትዎን ልለካ?» ቢባሉ የሚቆጡ እናት አላየሁም። ፈቃድ መጠየቅ ክብርን ይጠብቃል። በዚህች በአቦምሳ ከተማ ደግሞ ጥያቄው በአማርኛም በኦሮምኛም መጠየቅ አለበት፤ የምንሰጠው ወረቀትም በሁለቱም ቋንቋ ይሁን።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ ዋናው እግድ እርሱ ነውና። የግል ፋርማሲ ገቢ ከመድኃኒት ላይ የሚገኝ ትርፍ ነው። ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብሎ ስለ አመጋገብ የመከረ ፋርማሲስት ለባለቤቱ ያስገባው ሳንቲም የለም፤ በዚያው ጊዜ ስድስት ሰው ሊያስተናግድ ይችል ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ ብዙ ቤተሰብ አቅፏል፤ የፋርማሲስት ምክር ግን ዋጋ ያለው አገልግሎት ሆኖ ሲከፈልበት አላየሁም። በሌላ አገር ይህ ተሞክሯል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከስኳር ወይም ከግፊት ጋር ያለበትን ሰው የሠፈር ፋርማሲ ራሱ ወደ ብሔራዊው የክብደት መቀነሻ ፕሮግራም መላክ እንዲችል ተደርጓል። ፋርማሲስቱ ሐኪምን ሳይተካ በሩን ከፈተ።

ለምክር ዋጋ ካልተተመነ ቦታውን የሚይዘው እሽግ ነው፤ እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ባደርግ ይቅርታ አድርጉልኝ። «ቦርጭ ማጥፊያ» ሻይ፣ «በሳምንት አምስት ኪሎ» የሚል ዱቄት፣ በቴሌግራም የሚታዘዝ እንክብል በየቦታው ይሸጣል። አንዳንዱ ሻይ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው፤ የሚወጣው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። የከፋው የተደበቀው ነው። ሲቡትራሚን የሚባል የማክሻ መድኃኒት የልብና የአንጎል ጉዳት አደጋ ስለሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች «ተፈጥሯዊ ነው» ተብለው በሚሸጡ ማክሻዎች ውስጥ ሳይጻፍ ተቀላቅሎ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ግፊት ላለባት ሴት ይህ ሞት ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ «የሚያወፍር ስጡኝ» ብለው የሚመጡ ልጃገረዶች አሉ፤ ዴክሳሜታሶንን ወይም ሳይፕሮሄፕታዲንን በስሙ ጠርተው የሚጠይቁም አሉ። ዴክሳሜታሶን ፊት ያሳብጣል፣ ስኳር ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ በድንገት ሲቋረጥም አደጋ አለው። እነዚህን ማዘዣ ለሌለው ሰው የሚሸጥ መድኃኒት ቤት ስለ ክብደት የመምከር መብቱን ያጣል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕጉን ሰጥቶናል፤ የሚቀረው ሕሊናና ቁጥጥር ነው።

አዲሶቹን የክብደት መቀነሻ መርፌዎችም ሰምታችኋል። ሴማግሉታይድ በአንድ ትልቅ ጥናት በ68 ሳምንት የሰውን ክብደት በአማካይ 15 በመቶ ያህል ቀንሷል። ትልቅ ግኝት ነው። መርፌው ሲቋረጥ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከተቀነሰው ሁለት ሦስተኛው ይመለሳል። ያልተከፈተው የመርፌ ብዕር ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ የላከውን ብዕር ይዞ የሚመጣ ሰው ቢያጋጥማችሁ አትሳቁበት፣ አታባርሩትም፤ ቁጭ አድርጋችሁ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደቆየ ጠይቁና ወደ ሐኪም ላኩት።

ለብዙው ሕዝባችን ግን መፍትሔው ከዚያ በጣም ርካሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ የስኳር መከላከል ጥናት ስኳር ሊይዛቸው የተቃረቡ ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ዓላማ ሰጥቷቸው ነበር። በስኳር የመያዝ አደጋቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የወሰዱት ሰዎች አደጋ የቀነሰው በ31 በመቶ ነው። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ባጃጅ ከመምጣቱ በፊት የአቦምሳ ሰው ገበያ ደርሶ ሲመለስ ይህን ያለ ምክር ያደርገው ነበር። መስኮቱ ጋ ላየናቸው እናት ደግሞ ክብደታቸው 80 ኪሎ ቢሆን 4 ኪሎ ብቻ መቀነስ ለግፊታቸውም ለስኳራቸውም ለውጥ ያመጣል።

ምክሩ ግን የእኛ ምግብ ላይ መቆም አለበት። ከመጽሐፍ የተገለበጠ «ብሮኮሊ ብሉ» የሚል ወረቀት አርሲ ውስጥ ማንንም አይረዳም። እኛ የምንበላው ገንፎ፣ ቅንጬ፣ ጭኮ፣ የስንዴ ዳቦ፣ ፓስታና እንጀራ ነው። ገብስ መልካም እህል ነው፤ ጥያቄው የሚፈስበት ቅቤ ስንት ነው የሚለው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ የሚረጋው ዘይት ደግሞ ለልብ የማይበጅ ስብ ይበዛበታል። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ በዘይት ከተጠበሰው ሳምቡሳ ይልቅ ሾርባውና ቴምሩ ይቅደም። በሁዳዴም ሥጋና ወተት ቀርቶ ዳቦና ዘይት ከበዛ ክብደት አይቀንስም። ሻይን ደግሞ እንቁጠረው። በቀን አራት ብርጭቆ፣ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት 12 ማንኪያ፣ 48 ግራም ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ የሚፈቅደው ጠቅላላ የተጨመረ ስኳር 50 ግራም ገደማ ነው። ሻዩ ብቻውን ኮታውን ጨረሰው ማለት ይቻላል፤ ለስላሳ መጠጥ ገና አልተከፈተም። «ከሦስት ወደ አንድ ማንኪያ በአንድ ወር ውስጥ ይውረዱ» የሚል ምክር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ገንዘብም ይቆጥባል። ስለ ክብደት የሚሰጥ ምክር ሁሉ ረጅም መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ ብዙ ባልደረቦቼን አስሯል።

የሥልጠና ጉዳይም አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ሲሰጥ ለረጅም ዘመን ትኩረቱ መድኃኒቱ ላይ ነበር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ የሄደበት የክሊኒካል ፋርማሲ ትምህርት ከመጣ ወዲህ ዓይናችን ወደ ታካሚው ዞሯል። በትንንሽ ከተሞች መድኃኒት መደብሩን የሚያስተዳድረው ግን ብዙ ጊዜ ከፋርማሲስት ያነሰ ሥልጠና ያለው ድራጊስት ነው፤ ስለ ምክር አሰጣጥ የሚደርሰው ሥልጠናም እምብዛም የለም። የአሰላው አርሲ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው። የሁለት ቀን ሥልጠና እዚሁ አቦምሳ መጥቶ ቢሰጥ፣ ድራጊስቶችንም ቢጨምር ብዙ ይለወጣል።

ፋርማሲ መለወጥ አይቻልም የሚል ካለ ደብረ ማርቆስን ይመልከት። ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት አገልግሎትና ግብይት የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ2011 በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ። ማዘዣ የሚገመግመው፣ ዋጋ የሚያወጣው፣ ገንዘብ የሚቀበለውና ታካሚውን የሚያማክረው ባለሙያ ሥራቸው ተለየ። ማማከር ራሱን የቻለ ወንበር አገኘ። ያ ወንበር ካለ ክብደትም የሚነሣበት ቦታ አለ።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። በከተሞቻችን አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ፤ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ብር ከፍሎ ይመዘናል። ሰው ክብደቱን ማወቅ እንደሚፈልግ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። እኔ ባየኋቸው መድኃኒት ቤቶች የግፊት መለኪያ አለ፣ የሰው ሚዛን ግን ብርቅ ነው። አንድ ሚዛን፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቁመት መለኪያ፣ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት 77 ኪሎ ስትሞላ ከልክ ያለፈ ውፍረት መስመር ላይ ደርሳለች። የወገብ ዙሪያ ለሴት ከ88፣ ለወንድ ከ102 ሴንቲ ሜትር ካለፈ አደጋው ከፍ ይላል። ሳይፈልግ የሚከሳ ሰው ከመጣ ግን ሚዛኑ ላይ አታቆዩት፤ ቲቢ፣ ስኳር ወይም የእንቅርት ዕጢ ሕመም ሊሆን ይችላልና ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ባልደረቦቼ፣ የምጠይቃችሁ በየወሩ መድኃኒት ሊወስዱ በሚመጡት የስኳርና የግፊት ታካሚዎች እንድትጀምሩ ነው። ሁሉንም ማዳረስ አንችልም፤ እነርሱን ግን እናውቃቸዋለን፣ ተመልሰውም ይመጣሉ። ወረፋው በሚሳሳበት ሰዓት፣ ጥግ ላይ በተቀመጠ አንድ ወንበር፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ መዝኑ፤ ኪሎውን በካርዳቸው ላይ ጻፉ፣ በሚቀጥለው ወር እንደገና መዝኑ። የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች፣ ማክሻ ሻዩን ከመደርደሪያችሁ አውርዱና በቦታው ሚዛን አቁሙ። የጤና ጽሕፈት ቤትና የጤና መድህን ኃላፊዎች፣ ለፋርማሲስት ምክር በውላችሁ ውስጥ አንዲት የክፍያ መስመር ክፈቱ፤ ትንሽም ብትሆን ትበቃለች።

እናንተ ነዋሪዎች ደግሞ በሚቀጥለው ወር መድኃኒት ስትወስዱ መስኮቱ ላይ ቆማችሁ «ክብደቴን ለካልኝ፤ ከምወስዳቸው የሚያወፍረኝ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የማግኘት መብታችሁ ነው።